ለአባባ የተገዛ ባርኔጣ

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21

ጠዋት ዘነበ፣ መብራት ጠፋ፣ መጣ። ሰርኬ ስለ ፊጂ ስታወራ ዋለች። ባለቤቴ አፍ ላይ ከሰኞ እስከ እሁድ ፊጂ ነው። እኔ እንኳ እዚሁ ኡጋንዳ፣ ኢንቴቤ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ ዓሣ ብበላ ይበቃኝ ነበር... ማን ጠይቆኝ።

አመሻሹ ላይ ደሴ ደወለች፣ አባቷ ጋ። አባባ ቃለጽድቅ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ባሕር ሳያዩ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ለዕረፍት የምንሄድበትን ወር የመረጡልንም እሳቸው። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ አውሎ ነፋስ አለ፣ እኛ ጋ ክረምት ሲገባ እዚያ ደረቅ ነው፣ ያኔ ሂዱ አሉ። ሐምሌ 11 እንነሳለን፣ ነሐሴ 5 እንመለሳለን።

«ማታ ስትደውይልኝ እዚያ ነግቷል» ሲሏት ሰማሁ። «ነገ ምን እንደሚመስል ትነግሪኛለሽ።» ሳቁ። ከዚያ ሳል ያዛቸው። ብዙ ሳሉ... ጉንፋን ነው አሉ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

አባባ ሞቱ።

ሀብተሚካኤል፣ የሰርኬ ታላቅ ወንድም፣ ቢሮ እያለሁ ደወለ። ጎህ ሲቀድ አርፈው ከሰዓት ተቀበሩ። ለሰርኬ እንዳልነግራት ለመነኝ። አባባ ራሳቸው ትናንት፣ ልጄ ያን ባሕር አይታ ሳትመለስ እንዳትነግሯት ብለው አደራ ብለዋል። ስትመለስ እኛው ካምፓላ መጥተን እናረዳታለን አለ።

«የሟች ቃል ነው፣ መርዕድ።»

እሺ አልኩ። ምን ልበል?

ቤት ስገባ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር አውጥታ ስትወለውል አገኘኋት። ፊትህ ምን ሆኗል አለችኝ። ራሴን አሞኛል አልኳት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26

ደሴ ደወለች። ወንድሟ፣ አባባን ጉሮሮውን አሞት ሐኪም እንዳያወራ ከልክሎታል አላት። አባባ ሳያወራ ሊውል ነው ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 28

ኦዊኖ ገበያ ሄድን። ለእሷ የባሕር ዳር ጫማ፣ ለእኔ ቁምጣ (በዚህ ዕድሜዬ!)። መውጫው ላይ ሰፊ የሰሌን ባርኔጣ አየች። ለአባባ ነው አለች። ፊጂ ላይ አድርጋው ፎቶ ልትነሳ፣ ከዚያ ለእሳቸው ልትልከው። የአባባ ራስ ካንተ ጋር እኩል ነው ብላ እኔ ላይ ለካችው። ሻጭዋ መስታወት ያዘችልኝ። ቀና በል አለችኝ ሰርኬ። ቀና አልኩ።

«ይሆነዋል?»

ይሆናቸዋል አልኩ።

እሁድ፣ ሰኔ 29

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከእሷ በቀር ያልሰማ የለም። የእዚህ ሐበሻ ሁሉ እናት፣ እትዬ መሰረት፣ አቅፈዋት አልለቅ አሉ፣ ዓይናቸው ቀልቷል። መኪና ውስጥ ስንገባ፣ ሰዉን ሁሉ ምን ነካው፣ ፊጂ እኮ ነው የምሄደው፣ ጦር ሜዳ አይደለም አለችኝ። መንገዱን መንገዱን አየሁ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 1

ዛሬም አልነገርኳት።

ዓርብ፣ ሐምሌ 4

ፍሪጁ ላይ የምናደርገውን ዘርዝራ ለጥፋለች። የመጨረሻው፦ «ለአባባ በየማታው መደወል።»

እሱን አንብቤ ቀን ቆጠርኩ። አርባቸው ነሐሴ 3 ነው። ያን ቀን እሷ ባሕር ዳር ናት፣ ምንም ሳታውቅ። ቀብሩ አመለጣት... አርባውም ሊያመልጣት ነው? የአባባ አደራ አለ፣ አውቃለሁ። ግን እኔ ከማን ጋር ነው የምኖረው?

ለሀብተሚካኤል ደውዬ አልችልም አልኩት። ጮኸብኝ፣ ዘጋው። እትዬ መሰረት ግን ሳማክራቸው፣ ወግ ባለው መንገድ ትረዳ፣ እሁድ ጠዋት እንመጣለን አሉ። ለምን ዛሬውኑ ራሴ አልነግራትም? ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

እሁድ፣ ሐምሌ 6

ሲነጋጋ በሩ ተንኳኳ። እሷ ነች የከፈተችው። ቄሱን አየች፣ እትዬ መሰረትን አየች፣ ጥቁር መልበሳቸውን አየች። ማንም ምንም ሳይላት ገባት። ጩኸቷን አልጽፈውም።

ድምፅዋ ሲዘጋ፣ መቼ ነው አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሰኔ 24 አልኩ። በጣቷ ቆጠረች። አሥራ ሁለት ቀን።

«ባርኔጣውን ስለካብህ ታውቅ ነበር?»

አውቅ ነበር አልኩ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

ደሴ ሄደች። አብሬሽ ልምጣ ስላት፣ አይ፣ አንተ ቆይ አለችኝ። ኢንቴቤ አየር ማረፊያ አደረስኳት። ባዶ መኪና ነድቼ ናጉሩ፣ ቤታችን ተመለስኩ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

ዛሬ ነበር የምንነሳው። ቢሮ ገባሁ። አለቃዬ፣ ፈቃድ ላይ አልነበርክም እንዴ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3

አርባቸው። እዚህም ፍትሐት አስደረግን። ባርኔጣው ሳሎን ወንበሩ ላይ ነው፣ ከሄደች ጀምሮ ማንም አልተቀመጠበትም።

አመሻሹ ላይ ደወለች። ራሷ ስትደውል ከሄደች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ደሴ ዶፍ ይጥላል፣ ድንኳኑ አፍስሷል፣ ሰው ግን ሞልቷል አለች። የአባባ ተማሪዎች፣ ሽበት ያወጡት ሁሉ፣ መጥተዋል። ሀብተሚካኤልን ይቅር ብዬዋለሁ አለችኝ። ትንሽ ተስፋ አደረብኝ። እኔንስ አልኳት።

ዝናቡ በስልኩ ይሰማኛል።

«እሱ ሩቅ ነበር፣ መርዕድ። አንተ አጠገቤ ነበርክ።»

መቼ እንደምትመጣ አልጠየቅኋት። ነገ ማታ ልደውልልሽ ወይ አልኳት። አላውቅም አለች።

እደውላለሁ። ብታነሳም፣ ባታነሳም።