በፎቶህ ላይ የታሰረው የሰንደል ጉንጉን

ይድረስ ለወንድሜ ለናቺሙቱ፣ ፔናንግ ወደብ

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ በዝናብ ወራት የሚነሳብህ ሳል ተሻለህ ወይ? ምግብ ይበላልሃል? እንቅልፍስ? ሌላ ጊዜ ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር ነበር። ዛሬ ግን ከልቤ ነው፣ እያንዳንዱን በየተራው መልስልኝ። ከዲፓቫሊ በዓል ወዲህ አንዲት መስመር አልጻፍክልንም፤ አራት ወር ሊሞላ ነው። እኛ ከእናታችን በቀር ደህና ነን።

ጥፋቱ የኔ ነውና ከመጀመሪያው ልንገርህ። ከፖንጋል በዓል በኋላ የሲኒማ ሰዎች በሦስት የጭነት መኪና መጡ። በፍርግርግ ውስጥ ነብር፣ ሁለት ጦጣና እንደ ሰው የሚሳደብ በቀቀን ይዘው ነበር። ዝሆን ደግሞ የኛን ሴንባጋምን ፈልገው ነው። ፊልሙ ጌታዋን ነብር የገደለባት ዝሆን ጦጣውንና በቀቀኑን አስከትላ በጫካው ነብሩን ስትፈልግ የሚያሳይ ነው። አንተ ከግልገልነቷ ጀምሮ እጅህ ላይ ያሳደግካት ዝሆን ተዋናይ ስትሆን መንደሩ አበደልህ! ባሌ ማሪያፓንማ፣ አንተ ከሄድክ ወዲህ ጠባቂዋ እሱ ነውና፣ ራሱም ተዋናይ የሆነ መስሎት ፀጉሩን ዘይት ቀብቶ አይጠግብም ነበር። አንድ ቀን ጦጣው የዳይሬክተሩን መነጽር ነጥቆ ዛፍ ላይ ወጣና ግማሽ ቀን ሥራ ፈቱ። እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ምነው በሳቁ በቀረ!

በማግሥቱ ያው ጦጣ በፊልሙ ነብር የገደለውን የዝሆኗን ጌታ ፎቶ ቦጫጨቀው። ሟቹ በፊልሙ ውስጥ በአካል አይታይም፤ ታሪኩ የሚጀምረው ከሞተ በኋላ ስለሆነ ያለው ፎቶው ብቻ ነበር። ዳይሬክተሩ «መልከ መልካም ወንድ ያለበት ፎቶ ማን ቤት ይገኛል?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ሞኟ፣ ማን ቀደመኝ! «ከወንድሜ የበለጠ መልክ በዚህ አገር ማን አለው?» አልኩና ወደ ባሕር ማዶ ልትሳፈር ስትል በነጭ ሸሚዝ የተነሳኸውን ከግድግዳ አውርጄ ሰጠሁት። «ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን» አለኝ እንጂ ምን እንደሚያደርጉበት አልነገረኝም። የሞተ ሰው ፎቶ ምን እንደሚደረግበት ግን መች ጠፋኝ? ፊትህ በሲኒማ ይታይልኝ የሚለው ኩራት አሳወረኝ።

ሄጄ ባየው በሰንደል ፍቅፋቂ የተጎነጎነው፣ ለሙት የሚደረገው ጉንጉን አንገትህ ላይ ወርዷል። ከፊትህ መብራት በርቷል። «አውርዱት! ሰውዬው እኮ በሕይወት አለ!» ብዬ ጮህኩ። ዳይሬክተሩም «እህቴ፣ ሲኒማ ነው እኮ! እኔ ራሴ በስንቱ ፊልም ሞቼ ይኸው ቆሜ እከራከርሻለሁ» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። አፍሬ ዝም አልኩ። እዚያ ዝም ማለቴን ለራሴ ይቅር አልልም።

ሴንባጋም መጥታ ኩንቢዋን አንስታ ለፎቶው ሰላምታ መስጠት ነበረባት። መጣች፤ መስታወቱን ረጅም ጊዜ አሸተተች። ከዚያ ጉንጉኑን ከአንገትህ አውልቃ መሬት ጣለችው። መልሰው አጠለቁት፣ እንደገና አወለቀችው። በሦስተኛው ጊዜ ወርውራ ኩሬው ውስጥ ከተተችው። ያኔ ሳቁ ቆመ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ዳይሬክተሩ ግን ተናዶ ጉንጉኑን በሽቦ ከፍሬሙ ጋር እንዲጠፍሩት አዘዘ። ሴንባጋም ብትጎትት ብትጎትት እምቢ ሲላት፣ አንተ የሄድክ ዕለት የጮኸችውን ጩኸት ጮኸች። እሱ ጭራሽ «ግሩም ነው!» ብሎ አጨበጨበ፤ ቀረጹት። ከዚያን ቀን ወዲህ ከማሪያፓን እጅ ሸንኮራ እንኳ አትቀበልም። ወደ ምሥራቅ ዞራ ትቆማለች። በወዲያ በኩል እንዳለህ ማን ነገራት?

የሲኒማ ሰዎቹ ሲሄዱ ፎቶህን ከነጉንጉኑ መለሱልኝ። ሽቦው በእጅ አልፈታ አለኝ። ማሪያፓን ከጋሪ ሠሪው ፒንሳ ተውሶ እስኪመጣ ብዬ ከሩዝ ጎተራው ጀርባ ሸሸግሁት። እጄ በተሰበረ! እናታችን፣ ዓይኗ ከጥላ በቀር እንደማያይ ታውቃለህ፣ ሩዝ ልትሰፍር ገብታ ሰንደሉ ሸተታት። ከጉድጓድ ውኃ ቀድቼ ስመለስ ፎቶህን፣ ፍሬሙን በዳበሳ አውቃው፣ ጉልበቷ ላይ አድርጋ መሬት ተቀምጣለች። ጣቷ ሽቦው ላይ ነው። ዋይ አላለችም፣ ደረት አልመታችም። «ስንት ቀኑ ነው?» አለችኝ። «የምኑ?» አልኳት። «ልጄ ከሞተ። ስንት ቀን ደበቃችሁኝ?»

የሲኒማውን ነገር ከሀ እስከ ፐ ነገርኳት። ማሪያፓን ማለላት፤ ጎረቤት ሁሉ ማለላት። እሷ ግን «የሲኒማ ሰዎች የራሳቸው ሙት የላቸውም? የሰው ልጅ ለምን ይበደራሉ?» አለችን። ከዚያ «በሕይወት ካለ ደብዳቤውን አንብቢልኝ» አለችኝ። የዲፓቫሊውን አነበብኩላት። «ይሄንንማ በቃሌ አውቀዋለሁ። ከዚህ ወዲህ የመጣውን» አለችኝ። ምን ላንብብላት?

ይኸው ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው፣ ከሩዝ ውኃ በቀር በአፏ አልዞረም። ፎቶውን ካገኘችበት በአሥራ ስድስተኛው ቀን የሙት ሥርዓትህን ልታወጣልህ ካህኑንም ፀጉር ቆራጩንም አስጠርታለች። በስምህ ሰሊጥና የሩዝ ድቡልቡል ወንዝ ሊጣልልህ ነው። እናት ልጄ ሞቷል ስትል ማን አልሞተም ብሎ ይሟገታታል? ቆሞ ለሚሄድ ሰው የሙት ሥርዓት ቢደረግለት ምን ይሆናል ብዬ ካህኑን ብጠይቀው ጫማውን አድርጎ ወጣ።

ደብዳቤው በአውሮፕላን ስምንት ቀን ይፈጃል። ሲደርስህ ሥራ ላይም ብትሆን ጥለህ ቴሌግራም ላክ። «አለሁ» ብቻ በል፤ ሌላው ይቅር። ተቀይመኸኝም ከሆነ ስደበኝ፣ ብቻ ጻፍ። ዛሬ ጠዋት እናታችን እጄን ይዛ «አንቺስ እንዳለ ትምያለሽ?» አለችኝ። ወንድም ጋሼ፣ አፌን ከፈትኩ፣ መሐላው ግን አልወጣልኝም።

ማሪያፓን እግርህን ነክቶ ሰላም ይልሃል፤ ሴንባጋምን ለሲኒማ ሰዎቹ በመስጠቱ አንገቱን ደፍቷል። ልጄ ፖንናታል ጥርስ አውጥታለች፣ ጆሮዋ የሚበሳው በአጎቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ነውና አንተን እየጠበቀች ነው። ጋሪ ሠሪውና ሚስቱ ሰላም ብለውሃል። እናታችንንም «ደብዳቤውን ልዘጋው ነው፣ ምን ብላለች ልበል?» አልኳት።

«ለማን?» አለችኝ።

እህትህ ቬላታል
ሴንጉላም፣ ከአናማላይ ተራሮች ሥር
በማሲ ወር 12 ቀን 1963