ቆዳ በሁለት መርፌ

ማክሰኞ

ገዛሁት። ከሞጆ እስከ አዳማ የቆዳው ሽታ ሚኒባሱን ሞላው፤ ረዳቱ መስኮት ከፈተ።

ባለቤቴ ታደሰ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተኝቶ ይውላል። እጁን የምታሠራው ባለሙያ «ስፖንጅ መጭመቅ ብቻውን አይበቃም፤ ልባቸው የሚሄድበት ሥራ ይፈልጉላቸው» ብላኛለች። ድሮ የመኪናው መቀመጫ ሲቀደድ ቆዳውን ራሱ ነበር የሚሰፋው። ሌላ ነገር አልመጣልኝም።

«ሥራ» ብለው እምቢ ይላል። ስለዚህ እኔ ለራሴ ጊዜ ማሳለፊያ እንደያዝኩት ሆኜ እጀምራለሁ። በጨርቅ ሱቄ እንዳየሁት፣ ደንበኛ ግዛ ሲሉት ይሸሻል፤ ጨርቁን ራስሽ ስትዳስሺው ግን ይጠጋል።

ቁርጥራጩን የሸጡልኝ ኦቦ ገመቹ «አዴ፣ ወስፌም ይያዙ፤ ቆዳ በልብስ መርፌ አይበሳም» አሉኝ። ሻጭ ሲመክረኝ ስለማልወድ «ወስፌ ቤት አለኝ» አልኩ። የለኝም።

ረቡዕ

ሁለት የልብስ መርፌ ተሰበረብኝ። መሶብ ከምትሰፋው ጎረቤቴ ወስፌ ተዋስኩ። አውራ ጣቴን ወጋሁ።

የመንጃ ፈቃድ መያዣ ልሠራ ነው። ትንሽ ነገር ነው፣ ያስደስተዋል ብዬ።

«ለማን ነው?» አለ ታደሰ።

«ላንተ።»

«ምን ልነዳበት?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጨርቅ ስሸጥ ስንቱን አግባብቻለሁ፤ አሁን ግን ወስፌውን አስቀመጥኩ።

ሐሙስ

እህቱ እቴነሽ ከደራ ሽንኩርት ይዛ መጣች። ጠረጴዛው ላይ ቆዳውን ስታይ ደነገጠች።

«ከነጋዴነት ወደ ፋቂነት? ምነው፣ ሰው ቢያይሽስ?»

«ያንጠለጠልሽው ቦርሳ ከምን የተሠራ ነው? ከጎመን?»

ሳቀች። ታደሰ አልሳቀም፤ ግን ዓይኑ ቦርሳዋ ስፌት ላይ ትንሽ ቆየ። ይህን ለራሴ ያዝኩት።

እሷ ስትሄድ ቆዳውን እንደ ጨርቅ በስፒል አያይዤ ሰፋሁ። ተጣመመ። ተርትሬ እንደገና ሰፋሁ። ያም ተጣመመ። ተረተርኩ።

ዓርብ

መያዣው ተበላሸ። በስፒልና በመርፌ የበሳሁት ሁሉ እንዳለ ቀርቶ ጠርዙ እንደ ቴምብር ተቀደደ። ጨርቅ ቢሆን ውኃ ረጨት አድርጌ ብተኩሰው ቀዳዳው ይጠፋ ነበር።

ታደሰ ቁራጩን በግራ እጁ አንስቶ ወደ ብርሃን አቀናው። «ቆዳ አንዴ ከተበሳ አይደፈንም። አቡጄዲ መሰለሽ?»

ከታመመ ወዲህ እንዲህ አውርቶ አያውቅም። ደስታዬን እንዳያይብኝ ወጥ ላማስል ጓዳ ገባሁ። ቸኩዬ ኖሯል። ከሰዓት በኋላ ስፖንጁን ስሰጠው መሬት ላይ ጣለው። አንስቼ ሰጠሁት። ጣለው። ሦስተኛ ጊዜ አላነሳሁትም፤ እዚያው ወለሉ ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ነገ ቅዳሜ ገበያ ነው፤ አልሰፋም።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ «ዛሬ አትሰፊም እንዴ?» አለኝ።

«ሰንበት ነው» አልኩት፣ ሳላስብ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቆዳ በግራ እጁ ገፋ አደረገው።

በሰንበት ሱቅ ከፍቼ አላውቅም። ዛሬ ግን ስንት ቀን የጠበቅሁት ደንበኛ መጥቶ በሩን ዘጋሁበት። «ዝም ብለሽ ቁጭ በይና ክሩን ብቻ ሰም ቀቢ፤ ያ ስፌት አይደለም» የሚለኝ ሰው ምነው በነበረ።

ሰኞ

ሱቁን ለሱቅ ጎረቤቴ ለከድጃ አደራ ብዬ ቤት ዋልኩ። አሁን በሌላ ቁራጭ ላይ ቀድሜ በሹካ ጥርስ ነጥብ አደረግሁ፣ ከዚያ በወስፌ በሳሁ። ክሩ ሁለቱም ጫፍ ላይ መርፌ አለው፤ አንዱ ከወዲህ ሌላው ከወዲያ በዚያው ቀዳዳ ይገባል። ቆዳውን የሚይዝ ሦስተኛ እጅ ይፈልጋል። በጉልበቴ ያዝኩት፣ ሾለከ። እንደገና ያዝኩ፣ ሾለከ። አልለመንኩትም። እውነቱን ለመናገር መለመን ሰልችቶኝ ነበር።

«አምጪው» አለ።

ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ቀኝ እጁን አንስቼ ቆዳው ላይ ጫንኩት፤ ክብደቱ ብቻ ይበቃል። እኔ ከዚህ እሰዳለሁ፣ እሱ ከዚያ በግራው ይስባል።

«ምንድን ነው የምንሠራው?»

«እኔ እንጃ። አራት ማዕዘን ነው።»

«ጠማማ አራት ማዕዘን» አለ።

ጠርዙን ሳንጨርስ ደከመው። ክሩን ሳጠብቅ የቀኝ እጁ አውራ ጣት ቆዳውን ጫን ያደረገ መሰለኝ። ክሩ ስቦትም ሊሆን ይችላል። አልጠየቅሁትም። መርፌዎቹን ሳልነቅል ጠረጴዛው ላይ ተውኩት፣ በሱ በኩል።