ባሮ ሊሞላ ይችላል ነው ያልኩት

ነሐሴ 12፣ ጋምቤላ

ባለፈው ሳምንት የባሮን ውሃ ለክቼ "ሊሞላ ይችላል" ብዬ በሬዲዮ ተናገርኩ። የወንዝ ዳር ሰው ዕቃውን ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተጠለለ። ወንዙ ግን አልሞላም።

ዛሬ በቀበሌው ስብሰባ ትንበያ ምን እንደሆነ ማስረዳት ስጀምር ሊቀመንበሩ አቋረጠኝ።

"ኢንጂነር፣ ተሳስተሃል ወይስ አልተሳሳትክም?"

ሲጨንቀኝ "ተሳስቻለሁ" አልኩ። አጨበጨቡልኝ። ግን ተሳስቼ ነበር እንዴ? ሊሞላ ይችል ነበር እኮ! እኔ እንጃ፤ ግራ ገብቶኛል።

ስወጣ ዓሣ ነጋዴዋ አሪየት እጄን ያዘች።

"አሁን እውነት ተናገርክ፣ ጎበዝ!" አለችኝ። ወዲያው ልጆቿን ሰብስባ ወንዝ ዳር ወዳለው ቤቷ ተመለሰች።

አመሻሽ ላይ ከጎሬ ደወሉልኝ። የባሮ ውሃ በሚመጣበት ደጋ ዝናቡ አላባራም አሉ። ነገም በሬዲዮ የምለው ያው "ሊሞላ ይችላል" ነው። አሪየት ምን ብላ ትሰማኛለች?