ራሴን ቻርጅ ላድርግ

ሰኞ፣ ጥር 9
ዛሬ የአሥራ ሁለት ሰው ገላ አሸሁ፣ እድፍ አስለቀቅሁ። ጀርባ፣ ጎን፣ ሆድ፣ ጎን... ሁለቴ ቸብ ቸብ ሳደርጋቸው ይገለበጣሉ። በዚህ የቡሳን የሕዝብ መታጠቢያ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ «ተገልበጪ» ብዬ አላውቅም። ሁለቴ ቸብ፣ በቃ።

ባንክ የምትሠራዋ ልጅ መጣች። ገና የማሻው አልጋ ላይ ሳትወጣ፣ «እትዬ፣ ራሴን ቻርጅ ላድርግ ብዬ ነው» አለችኝ። ስልክ ነሽ እንዴ? አልኩ በሆዴ። ሰሞኑን ይቺ ቃል ከሁሉም አፍ አትጠፋም። ቹንግጆን፣ መሞላት። ድሮ የባትሪ ነበረች፣ አሁን የሰው ሆነች። እናቴ ሲደክማት «ወገቤን ላሳርፍ» ነበር የምትለው። ብላም አታርፍም።

ቀኝ ትከሻዬ ዛሬም... ምንም አይደል።

ረቡዕ፣ ጥር 11
ሐኪሙ ትከሻሽን ሦስት ሳምንት አሳርፊ አለኝ። ሦስት ሳምንት የማሻ ጓንት እንዳልነካ! ለጨረቃው ዘመን መለወጫ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። አገሩ ሁሉ የዓመቱን እድፍ ሊያራግፍ ሲሰለፍ እኔ ቤት ልተኛ?

ለመታጠቢያ ቤቱ ባለቤት ለእትዬ ዎልሰን አልነገርኳትም። እጅ ከሌለኝ ሌላ እጅ ታመጣለች። የምፈራው ሕመሙን አይደለም። አልጋዬን እንዳላጣ ነው።

ማታ ልጄ ዳንቢ ከሴኡል ደወለች። «እማ፣ አንቺ ግን መቼ ነው ራስሽን ቻርጅ የምታደርጊው?»
«ስተኛ።»
«ተኝተሽም እኮ ክንድሽ ሰው ያሻል!»
ሳቅን። እውነቷን ነው።

አርብ፣ ጥር 13
እጄ ከዳኝ።

እማማ ጆምሬ ነበሩ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፣ አርብ አይቀሩም፣ ሲሄዱም አንድ የሙዝ ወተት ሳይተዉልኝ አይሄዱም። ጎናቸውን ደግፌ ሳገላብጣቸው ትከሻዬ ቋ አለ፣ ጣቶቼ ተፈቱ። ሳሙና የጠጣ አልጋ... እማማ ተንሸራተቱ። በግራ እጄና በጉልበቴ ባልደግፋቸው መሬት ነበሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ልትገድዪኝ ነው?» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

እትዬ ዎልሰን በሩ ላይ ቆማ አይታለች።
«ከመቼ ጀምሮ ነው?»
«ከበልግ።»
ፊቷን አዙራ ሄደች። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 14
እትዬ ዎልሰን ጓንቴን ተቀበለችኝ። ነገ ኡንጁ የምትባል ሴት ትገባለች አለች። አርባ አይሞላትም አሉ። ጉልበቷ የበሬ ነው አሉ። ማን ጠየቃቸው?

አርብ፣ ጥር 20
ቤት። ወለሉ ከሥሩ ይሞቃል፣ ተኚ ተኚ ይላል። አልተኛሁም። ድስቶቹን ሁሉ በግራ እጄ ፈግፍጌ ጨረስኩ።

ዛሬ አርብ ነው... እማማ ጆምሬ የሙዝ ወተቱን ለማን ሰጡ? በሃምሳ ሰባት ዓመት ቅናት። አሳፋሪ ነው።

መቀመጥ የሚሞላ ቢሆን እስካሁን ሞልቼ እፈስ ነበር። እየጎደልኩ ነው እንጂ። ታዲያ ሰው በምንድነው የሚሞላው?

እሑድ፣ ጥር 22
በዓል። ዳንቢ መጣች። የሩዝ ቂጣ ሾርባችንን በልተን እንደ ወጉ ዕድሜያችን ላይ አንድ አንድ ዓመት ጨመርን። «ነይ ጀርባሽን ልሽልሽ» አለችኝ። እምቢ አልኩ።

ለምን እምቢ አልኩ?

ረቡዕ፣ የካቲት 8
ሄድኩ። እንደ ደንበኛ፣ ከፍዬ። ለመታጠብ መስሏቸዋል። ኡንጁን ልሰልል ነው።

ሙቁ ውሃ ውስጥ እስከ አንገቴ ተዘፍዝፌ አየኋት። ትቸኩላለች? አትቸኩልም። ክርንን ትዘልላለች? አትዘልም። ስህተት አጥቶ እንደ መናደድ ምን ያናድዳል!

ዓይናችን ተጋጨ። «እትዬ ማልሱን አይደለሽ? ነይ ተኚ።» ወዲያው አንቺ! ግን ተኛሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆምኩበት አልጋ፣ ጀርባዬን ነክቶት አያውቅም። ለካ ጣሪያው ላይ ስንጥቅ አለ።

በትከሻዎቼ መሃል እጄ የማይደርስባት ቦታ አለች። እሷ ደረሰችባት። «እዚህ ጋ ሰው ከነካሽ ስንት ዓመት ሆነ?» አለችኝ። አለቀስኩ። ምንም እንዳላየች ሆና ሙቅ ውሃ አፈሰሰችብኝ።

ከዚያ ወዲያ አላስታውስም። ሁለቴ ቸብ አድርጋኝ አልተገለበጥኩም አሉ። እኔ! እንቅልፍ ወስዶኝ። ስነቃ ፎጣ ተደርቦልኛል፣ አንዲት ሴት «ተራዬ አለፈ እኮ!» እያለች ትነጫነጫለች።

ኡንጁ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ትንሽ ጠብቂ፣ እየሞላች ነው» አለቻት።

ሰኞ፣ የካቲት 13
ጓንቴን አጠለቅሁ። ስድስት ሰው ብቻ። ትከሻዬ አልጮኸም።

ለእትዬ ዎልሰን ሐሳቤን የነገርኳት ባለፈው ሐሙስ ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ የኔ ይሁን፣ ሌላው የኡንጁ። «አልጋሽን ማን ነካብሽ፣ ሞኝ» አለችኝ። «እስክትጠይቂኝ ነበር የምጠብቀው።» አርብን ለመልቀቅ ከብዶኝ ነበር... ለቀቅሁ።

የባንኳ ልጅ ዛሬም መጣች። «እትዬ፣ ባትሪዬ አልቋል» አለች። «ተኚ፣ ሶኬቱ ያው ነው» አልኳት። አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

አርብ እኔም ልታሽ እሄዳለሁ። ከእማማ ጆምሬ ቀጥሎ ተራ ይዣለሁ። የሙዝ ወተት ሁለት ገዛሁ። አንዱ የእሳቸው ነው፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። አንዱ የኡንጁ።