አራተኛው መደብ

ሰኞ፣ ጥር 4፤ ከጠ. 1 ሰ.
ሦስቱን መደቦች አጠጥቻለሁ። አራተኛው ደርቋል። የግራሮቹ ቅጠል ተጣጥፏል፤ በጥቁሩ ላስቲክ ውስጥ ያለው አፈር ተሰነጣጥቋል። ሆዳን ይህን መደብ እንዳልነካ አዝዛኛለች። ምክንያቱን አልጠየቅሁም፤ ሰነፍ እንዳልመስላት ፈራሁ። እርሷ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ጅግጅጋ ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። ችግኝ ጣቢያው የእርሷ ዩኒቨርሲቲና የአንድ የባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲ የጋራ ሥራ ነው። እኔ አጠጪው ነኝ።

እዚህ ሐርጌሳ ውሃ በግዢ ነው የሚመጣው። አራተኛው የተተወው ውሃው ስላልተዳረሰ ይመስለኛል። ማስታወሻዬ ሆይ፣ ለአንተ ብቻ ልንገርህ፦ ከምጠጣው ጀሪካን ለእያንዳንዱ ችግኝ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ሰጠሁ። የራሴ ውሃ ነው። ስርቆት አይደለም።

ሐሙስ፣ ጥር 7፤ ምሳ ሰዓት
አራተኛ ቀኔ። ቅጠሎቹ ተፈትተዋል። አንዱ ችግኝ አዲስ እሾህ አውጥቷል፤ ለስላሳ ነው፣ ገና አይወጋም። እናቴ ብታየው ትስቅ ነበር።

መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር አንድ ክፍል የምንጋራው ለሳኙ ጋሽ በየነ ውሃ መቆጠቤን አስተውሏል። «በጥምቀት ሰሞን ሰው ውሃ ይራጫል፤ አንተ ትጾመዋለህ?» አለኝ። ከዚያ የራሱን ኮዳ ሳይጠይቀኝ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተ።

ሰኞ፣ ጥር 11፤ ከቀኑ 8 ሰ.
ጥምቀት። እዚህ የሥራ ቀን ነው። ሆዳን ሜትር ይዛ መጣች፤ አራተኛው መደብ አጠገብ ተንበረከከች። ፊቷ በርቷል።
«አንተ ምትኩ፣ እጅህ ምን አለበት? እነዚህ እኮ ያለ ጠብታ ውሃ ቆመዋል።»

አሁን ነገረችኝ። ዘሩ በደረቅ ሜዳ ከቆመ አንድ አሮጌ ግራር የተለቀመ ነው። ያለ ውሃ ስንት ቀን እንደሚቆይ ለማወቅ ነው አራተኛውን የተዉት። ከጸና፣ ዘሩ ጉድጓድ ለሌላቸው መንደሮች ይታደላል። የመመረቂያ ጽሑፏም ይኸው ነው። ከባሕር ማዶው ዩኒቨርሲቲ የሚመጣው እንግዳ መምህር ረቡዕ ይለካል።
አላህ ይስጥህ አለችኝ። እኔም አሜን አልሁ። አሜን ማለቴ ያሳፍረኛል። ውሃ የሌላቸው ሰዎች በእኔ ብርጭቆ ተታለው ይተክላሉ። ይደርቅባቸዋል። ብናገር ግን ያባርሩኛል፤ ወዴት እሄዳለሁ?

ማክሰኞ፣ ጥር 12፤ ከቀኑ 10 ሰ.
ጠዋት ጋሽ በየነን አማከርሁት። «ግራር አፍ አውጥቶ አይከስህ፤ ዝም በል» አለ። ቀጥሎ ግን ሻዩን ሳይጨርስ ልጅቷ አሳዘነችው።

ለሆዳን ነገርኋት። ባልዲ ደፍታ ተቀመጠች።
«ስንት ቀን?»
ስምንት አልኋት።
«የምትጠጣውን?»
የተጠሙ መስሎኝ ነው አልሁ።
ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ሳቅ ይሁን ልቅሶ መለየት አልቻልሁም። ሻሿን ገልጣ፣ «መጠማታቸው ነበር እኮ ሥራው፣ ወንድሜ» አለች። ድምፅዋ ቁጣ የለውም፤ ይህ ባሰብኝ። ዘር ተርፏል፤ እንደገና ይዘራል። ምረቃዋ ግን ይዘገያል። ለመምህሩ እኔው ራሴ እንድናገር፣ እርሷ እንደምትተረጉም ነገረችኝ። አያባርሩህም አላለችኝም። የማታውቀውን ቃል አትሰጥም።

ረቡዕ፣ ጥር 13፤ ከጠ. 2 ሰ.
አራተኛውን መደብ ሳላጠጣ አለፍሁ። ትናንትም አላጠጣሁትም። ከባድ ነው፤ ዞር ብዬ አየሁት።

የእንግዳው መኪና ገብቷል። ሸሚዜ ታጥቧል። ሆዳን በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። መጀመሪያ የምለውን ወስኛለሁ፦ ስምንት ቀን አጠጥቻለሁ። አላወቅሁም ነበር የሚለው እውነት ነው፤ እርሱን ግን የምናገረው ከጠየቁኝ ብቻ ነው።