በመነጽር የተሳለሟት ማርያም

ሐሙስ
የእትዬ ታንጉት ጉልበት ዛሬም አልተሻላቸውም። ልጃቸው ሞላ መድኃኒት ገዝቶ መጥቷል፣ ምራታቸው የሺ ታሻቸዋለች፤ ያው ከአልጋ ወደ ደጃፍ ነው። ማርያምን ከተሳለሙ ዓመት ሊሞላቸው ነው። «ሳልስማት ልሞት ነው» አሉኝ።

ቤታችን በአንድ ግድግዳ ነው የሚለየው። ጠዋት ጠዋት በምርኩዛቸው ሁለቴ ይመቱታል፤ እኔም ሁለቴ እመልሳለሁ። ሌላ ደህና አደርሽ የሚለኝ የለም።

ዓርብ
ልጄ ህሊና ከሥራ ቦታዋ ያመጣችውን መነጽር ትታልኝ ሄደች። ዓይንን ግጥም አድርጎ ይሸፍናል። ሲያጠልቁት የማርያም ግቢ ውስጥ ቆመው ይገኛሉ፤ ዞር ቢሉ ዛፉ፣ ቀና ቢሉ ጉልላቱ። ራሷ ናት የቀረጸችው። «እማዬ፣ ሲደብርሽ ግቢበት። ግን ተቀምጠሽ» አለች።

ገባሁ። ሸጋ ነው። ሰው ግን የለበትም፤ ማንም ሳይገባ ነው የተቀረጸው። ቶሎ አወለቅሁት። ወዲያው እትዬ ታንጉት ትዝ አሉኝ።

ቅዳሜ
እጄን ይቁረጠው።

«ማርያምን አሳይዎታለሁ» ብያቸው ነበርና፣ መነጽሩን ይዤላቸው ስሄድ ነጠላቸውን መስቀለኛ ለብሰው፣ ጫማቸውን አውልቀው ጠበቁኝ። «ምነው፣ ወለሉ ይበርዳል» ብላቸው «በጫማ ልግባ ኖሯል?» አሉ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አጠለቅሁላቸው። እንባቸው ከመነጽሩ ሥር ወረደ። «ደረስሁ» አሉና ብድግ አሉ፤ ግድግዳዋን ሊስሙ ጎንበስ። የምን ግድግዳ! ወለሉ ላይ ተደፉ፤ እጃቸው ወዲያው አበጠ።

ህሊና ተቀምጠሽ ማለቷን አልነገርኋቸውም ነበር።

ሞላ ሲሰማ መጣ። «ብቻሽን መሆኑ ቢሰለችሽ በእናቴ ትጫወቻለሽ?» አለኝ።

እሑድ
ግድግዳው ዝም። እኔው ቀድሜ ሁለቴ መታሁ፤ መልስ የለም። ጠያቂ ሲገባ ሲወጣ ይሰማኛል። እኔ በምን ዓይኔ ልግባ። መነጽሩን ባጠልቀው ያው ባዶ ግቢ ነው። ህሊና ደውላ «አጥንታቸው ተሰብሮ ይሆን?» ትለኛለች። የሚነግረኝ ማን አለና።

ሰኞ
ጠዋት ሞላ እናቱን ታቅፎ ባጃጅ ውስጥ ሲያስገባቸው አየሁ። ሐኪም ቤት ነው አልሁ በልቤ።

ረፋዱ ላይ የሺ በጠርሙስ ጸበል ይዛ መጣች። መጀመሪያ ሐኪም ጋ ወስዷቸው ወለምታ ነው ተባሉ። ከዚያ ማርያም። «'ደጇ ደርሼ ሳልስማት' እያሉ ሲያለቅሱ ሞላ አንጀቱ አልችል አለ» አለችኝ።

«እሱስ?» አልኋት።

«ይበርድለታል። ለጊዜው አትምጪ።»

«እሳቸውስ?»

«ጸበሉን የላኩት እሳቸው ናቸው። 'ግድግዳዋ ከቦታው አለ፣ ስሜያታለሁ በያት' ብለዋል።»

ዛሬም ግድግዳችንን አልመቱትም። ወለም ያላቸው ምርኩዝ የሚይዙበት እጃቸው ነው አለች የሺ።