ወንጌልን አውሬ አልበላውም

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ዛሬ ግን ከሰላምታው አንድ ነገር አስቀድማለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ወንጌል በሕይወት አለ። ማን መጥቶ ምን ቢልዎ፣ ማን ቢያለቅስ፣ ምን ቢያሳይዎ፣ ልጅዎ ደህና ነው። ይህችን ብቻ ለእማዬ ጮክ ብለው ያንብቡላትና ከዚያ ይቀጥሉ።

አሁን ወደ ሰላምታዬ ልመለስ። አባባ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎን ብርዱ እንዴት አደረገው? እማዬስ ልቧ ደህና ነው? እንቅልፍ ይወስዳታል? እህቴ ታደለችስ በሰላም ተገላገለች? ቡናው ተለቅሞ አለቀ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽዎትም፤ እየተጣደፍኩ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ ቢንጋደድ አይፍረዱብኝ።

ነገሩ የጀመረው በፊልም ነው። እዚህ የካ ሚካኤል ሰፈር ምንያህል የሚባል ሰው ቪዲዮ ቤት አለው። መስኮቱ በጆንያ የተደፈነ፣ ሰው አግዳሚ ላይ ተደርድሮ ቴሌቪዥን የሚያይበት ክፍል ነው። ወንጌል ለካ ሠርግ ከሚቀርጸው ጓደኛው ከፊልሞና ጋር ሆኖ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ፊልም ሲሠራ ከርሟል። ሦስት ልጆች ካሜራ ይዘው ጫካ ይገባሉ፣ አውሬ አንድ በአንድ ይበላቸዋል፣ የሚተርፈው ካሜራው ብቻ ነው። ፈረንጆቹ እንዲህ ያለ ይሠራሉ አሉ፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ። ግንድ ላይ በለጠፉት ማስታወቂያ «ይህ ካሜራ እንጦጦ ጫካ ወድቆ የተገኘ ነው» ብለው ጻፉ። የተዋናይ ስም የለም፣ የደራሲ ስም የለም። ሰው ይበልጥ እንዲያምን ደግሞ «የተበላው» ወንጌል ከሰፈር እንዲጠፋ ተማከሩ። ለእኔ የማስተማር ልምምድ አለብኝ፣ አምቦ እሄዳለሁ ብሎኝ ነበር። ስንቅ ቋጥሬ፣ ጸልዬ ሸኘሁት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ሰው ሁሉ ዓይኑን ሰበረብኝ። የእድራችን ወንዶች አንዳቸውም አልነበሩም። አከራዬ ወይዘሮ አሳየች ምሳ በልተሻል ወይ ብለው ጠየቁኝ። በልቻለሁ ብላቸውም ጎትተው አስገብተው አጎረሱኝ። ማታ ብቻሽን አትደሪም ብለው ፍራሽ ይዘው እኔ ቤት መጡ። ሰኞ ባለሱቋ ጓደኛዬ ሰልማም ያንኑ ጠየቀችኝ፤ በልተሻል ወይ? ገበያ የሚያገኘኝ ሁሉ፣ በልተሻል ወይ?

አባባ፣ ይህን ነገር እናውቀዋለን። የወንድማችን የጉደታ መርዶ ከግንባር የመጣ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ሆዳችሁ ባዶ እንዳይሆን እያለ ሲመግበን ከርሞ፣ በሦስተኛው ቀን ማለዳ በር ተንኳኳ። እማዬ ከዚያ ወዲህ ማለዳ በር ሲንኳኳ ምን እንደምትሆን እርስዎ ያውቃሉ። እናም ሰኞን ሙሉ ያሰብኩት አንድ ነገር ነበር። እማዬ ናት አልኩ። ቆይቼ ደግሞ እርስዎ ነዎት አልኩ። ማንን ልጠይቅ? መርዶ የያዘ ሰው ቀኑ ሳይደርስ አይተነፍስም።

ዛሬ ጠዋት ሰልማን ሱቋ ገብቼ በሩን ዘጋሁባት። ከአባቴና ከእናቴ የትኛው ነው ብዬ ስጠይቃት ልቧ አልቻለም። ወላጆችሽ ደህና ናቸው፣ ወንጌል ነው ብላ አለቀሰች። አውሬ በልቶታል፣ ሲበላው ሰፈሩ ሁሉ በቪዲዮ አይቷል አለችኝ። ካላየሁ አላምንም ስላት እጄን ይዛ ወሰደችኝ።

ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል። በዚያ ቤት ሌላ ጊዜ ሰው ያፏጫል፣ ይሳደባል፣ ተዋናዩን ይመክራል ይባላል፤ ዛሬ ትንፋሽ እንኳ የለም። የሚታየው የገዛ ዳገታችን ነዋ! ባሕር ዛፉ፣ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ፣ ቅጠል ተሸካሚዎቹ የሚያርፉበት ድንጋይ። አንዲት ቅጠል ተሸካሚ ነጠላዋን አፏ ላይ አፍና፣ እኔ የማልፍበት ነው፣ እኔ የማልፍበት ነው ትላለች። አንድ ተማሪ ከኋላ ይሄ እኮ ትወና ነው፣ ሰው እየተበላ ካሜራ አይዝም ቢል፣ በሞተ ሰው ትቀልዳለህ ብለው አንገቱን ሊያንቁት ነበር። ጥቁሩ ነገር ከዛፎቹ መሃል ብቅ ሲል የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ብድግ ብለው እጃቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግተው በኢየሱስ ስም ገሠጹት። አጠገባቸው ያሉት ሴትዮ አማተቡ፤ ሰልማ ቢስሚላሂ አለች። ያ አውሬ በሦስት ወገን ተገሥጾም መምጣቱን አልተወም።

ከዚያ ወንጌል መጣ። እማዬ የሠራችለትን አረንጓዴ ሹራብ ለብሷል። ፊቱን ካሜራው ላይ ደቅኖ አባቴን አደራ፣ እናቴን አደራ፣ እህቴን ጵርስቅላን አደራ ይላል። አመንኩ አባባ። ግን መናገሩን አላቆመም። የእኛ ወንጌል ከልቡ ሲደነግጥ ድምፁ ይዘጋል፤ የጉደታ መርዶ ዕለት እስከ ማታ አንድ ቃል አልወጣውም። ይሄኛው እንደ ሰባኪ ያንበለብለዋል። ተነሥቼ ውሸቱን ነው፣ ወንድሜን አውቀዋለሁ ብዬ ጮህኩ። ሰዉ ግን ሐዘን ያሳበደኝ መሰለው። ሳትረዳ አየችው ብለው ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ፣ ወንዶቹ ክንዴን ያዙኝ፤ ቪዲዮ ቤቱ ልቅሶ ቤት ሆነ። እየጮህኩ፣ እየተጎተትኩ ደጃፍ ላይ የምንያህልን ኮሌታ ጨመደድኩ። አገር ሲያለቅስ እያየ አፉን የዘጋ ሰው! ልጁ ኮተቤ ፊልሞና ቤት ነው ያለው ሲለኝ ነው የለቀቅኩት።

በሚኒባስ ሄጄ ገባሁ። ወንጌል ዳማ እየተጫወተ ነበር። ሲያየኝ ሳቀ፤ ፊልሙን ወደድሽው ወይ ሊለኝ ነው። በጫማዬ መታሁት፣ ከዚያ አቀፍኩት፣ ከዚያ ደግሜ መታሁት። መርዶ ሲሸከሙልህ ነው የሰነበቱት ስለው ሳቁ ጠፋ። እማዬ ስል ደግሞ አፉን ከፈተ እንጂ ድምፅ አልወጣውም።

የባሰው ቤት ስመለስ ጠበቀኝ። ወይዘሮ አሳየች ወንጌልን ከኋላዬ ሲያዩ ጮኸው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። ሲረጋጉ ያለውን ሁሉ ነገሩኝ። እሑድ የእድሩ ወንዶች ዱላ ይዘው እንጦጦን ሲያስሱ ውለው፣ ልጆቹ ለፊልሙ ብለው ቀድደው የጣሉትን ያንን ሹራብ አገኙ። ሥጋው ባይገኝም ልብሱ ተገኘ ብለው ቆረጡ። እኔ ብቻዬን እንዳልሰማ፣ እናንተና እኔ በአንድ ማለዳ፣ ሐሙስ፣ እንድንረዳ ወሰኑ። የአገራችን ልጆች ጋሽ በዳዳና ጋሽ ኤጀታ ሹራቡን በጨርቅ ጠቅልለው ትናንት ማለዳ በአውቶቡስ ወጥተዋል። ነቀምቴ አድረው ዛሬ ማታ ጊምቢ ይገባሉ። ስልክ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ወደ ጊምቢ መስመር የለም አሉኝ።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ዛሬ አመሻሽ በሚነሣ የጭነት መኪና ይሄዳል። ሹፌሩ መንገድ ላይ እንዳያድር ለምኜዋለሁ። ከመርዶው ቀድሞ ይድረስ፣ ወይም ዳሱ ተጥሎ፣ እማዬ ያንን ሹራብ ታቅፋ ይድረስ፣ አላውቅም። ከቀደመልኝ፣ ሽማግሌዎቹን በሩን ሳያንኳኩ ደጅ ይቀበሏቸው። ካልቀደመ ደግሞ እማዬን አስቀምጠው፣ እጇን ይዘው፣ ቀስ ብለው ይንገሯት። ደስታም በድንገት ሲሆን ልብ ይመታል። ጋሽ በዳዳንና ጋሽ ኤጀታን አይቆጡብኝ፤ ሥራቸውን ጥለው የእኛን ሐዘን የተሸከሙ ሰዎች ናቸው። ወንጌልን ይቆጡት፤ ግን እኔም የድርሻዬን መትቼዋለሁና ሲበዛ አይሁን።

እማዬን ጉልበቷን ስሜ ሰላም ብያለሁ። ታደለችን ከነልጇ፣ ወልዳ ከሆነ፣ ሳሙልኝ። አክስቴን፣ የምታገለግሉበትን ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ሁሉ በጌታ ስም ሰላም በሉልኝ። ይህን ደብዳቤ መኪናው ከሚቆምበት ወፍጮ ቤት ይዘውልዎት የገቡትን ጋሽ ዋቅጅራንም አመስግኑልኝ።

ለወንጌል ሰላምታ አልላክሁም፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር እሱንም በጭነት መኪናው ልኬዋለሁ። ሰው ሙት አየሁ ብሎ እንዳይሸሽ ፊቱን በጋቢ ሸፍኖ ከአጥሩ ውጪ ቆሟል፤ እርስዎ ራስዎ ወጥተው እስኪጠሩት ድረስ እንዳይገባ አስምዬዋለሁ። አንብበው ከጨረሱ ይውጡለት፣ አባባ።

ልጅዎ ጵርስቅላ
የካ ሚካኤል፣ አዲስ አበባ
ማክሰኞ፣ ኅዳር 15 ቀን 1996 ዓ.ም.